ማሳደጊያና ትምህርት ቤት ማስፋፋት፦ ከልጅ ቆጠራ እስከ መጀመሪያዋ ሌሊት

«ልጆቹ በዝተውብናል፤ ግቢው ውስጥ ባዶ ቦታ አለ፤ አንድ ለጋሽም ሕንፃ ልሥራላችሁ ብሏል። ከየት እንጀምር?» ይህን ጥያቄ በስልክም፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስጠጣም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር እጠየቃለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የበጎ አድራጎት ማሳደጊያ መጀመሪያ በንብረት ክፍል፣ በኋላም በአስተዳደር ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ሁለት ማስፋፊያም ከመሠረት እስከ ጣሪያ ተከታትያለሁ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከምደግመው አንድ ቦታ ልጻፈው።

መመሪያው ከ30 እስከ 100 አዳሪ ልጆች ላሉትና የሰፈሩንም ልጆች ለሚያስተምር ድርጅት ነው። ስሌቱ ሁሉ በአንድ ምሳሌ ይሄዳል፦ አሁን 60 አዳሪና 180 ተመላላሽ ተማሪ አለ፤ ወደ 90 አዳሪና 360 ተመላላሽ ማደግ ተፈልጓል። የራሳችሁን ቁጥር እየተካችሁ አስሉ።

አስቀድሞ የሚዘጋጅ

ሰነድ፦
- የድርጅቱ የምዝገባ ሰርተፍኬትና የቦርዱ ውሳኔ ቃለ ጉባኤ
- የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ
- ያለፉት ሁለት ዓመታት የኦዲት ሪፖርት
- የ12 ወራት የውሃ፣ የመብራት፣ የእህልና የሕክምና ደረሰኞች
- የእያንዳንዱ ልጅ ፋይል (የሌለው ልጅ ካለ ሥራው ከዚያ ይጀምራል)

መሣሪያ፦
- 50 ሜትር የሚረዝም ሜትር፣ ካስማ፣ ሲባጎ፣ የኖራ ዱቄት
- ባዶ የመስታወት ማሰሮ ከነክዳኑ (ለአሸዋ ምርመራ)
- በአልጋ ልክ የተቆረጠ ካርቶን፣ 90 በ190 ሳንቲ ሜትር
- ለግንባታው ዕለታዊ መዝገብ የሚሆን ወፍራም ደብተር

ሲሚንቶውን፣ ብረቱንና ብሎኬቱን መሐንዲሱ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ያወጣላችኋል። ዘወትር የሚረሱትን ግን እናንተ አስጽፉ፦ የውሃ ታንከር መቀመጫ፣ የአጎበር ማንጠልጠያ ቀለበት፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የቁልፍ ሣጥን፣ በግንባታው ጊዜ ልጆቹን የሚለይ የቆርቆሮ አጥር።

1. አልጋ የሚያስፈልገውንና ወንበር የሚያስፈልገውን ለዩ

ደጃችሁን የሚያንኳኩትን ልጆች በሁለት ዝርዝር ጻፉ። በአንደኛው አሳዳጊ የሌላቸውን ወይም ቤታቸው መቆየት አደጋ የሚሆንባቸውን፤ በሁለተኛው እናት፣ አያት ወይም አክስት እያለቻቸው ምሳና ደብተር የጎደላቸውን። ሁለተኛው ዝርዝር የሚረዝምበት ጊዜ ይበዛል።

ምክንያቱ፦ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጅን ተቋም ማስገባት የመጨረሻው አማራጭ እንዲሆን ያዛል። ከዚያም በላይ፣ አዲስ አልጋ መዘርጋቱ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ የተቸገረች እናት «እዚያ ይብላልኝ» ብላ ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ በአንድ ሳህን ምሳ የሚፈታው ችግር ልጅና እናት መለያያ ይሆናል።

ስለዚህ የማኅበራዊ ሠራተኛችሁ እያንዳንዱን ቤት ሄዳ ትይ። ለአልጋ የተመረጠ ልጅ ከቀበሌውና ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ደብዳቤ ይኑረው፤ ተጥሎ የተገኘ ከሆነም የፖሊስ ማስረጃ። ውስጥ ያሉትንም 60 ልጆች እንደገና መርምሩ። ዘመዱ የተገኘና በድጋፍ ቤቱ ሊመለስ የሚችል አይጠፋም። በምሳሌያችን ስምንት ልጆች ቢመለሱ፣ 30 ያላችሁት አዲስ አልጋ 22 ሆነ ማለት ነው። ግንባታው ገና ሳይጀመር ወጪው ቀነሰ።

2. የሁለቱን ዓመት ማንቀሳቀሻ በጀት ዛሬ ሥሩ

ገንዘቡን ሦስት ኪስ አድርጉት፦ ግንባታ፣ ዕቃ፣ የሁለት ዓመት ማንቀሳቀሻ። ለጋሹ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ያያል። ሕንፃው አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ልጁ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል።

የአንድ ልጅ ዓመታዊ ወጪ እንዲህ ይወጣል፦ ያለፉትን 12 ወራት የምግብ፣ የሳሙና፣ የልብስ፣ የሕክምና፣ የውሃ፣ የመብራትና የአሳዳጊዎች ደመወዝ ደምሩ፤ በዓመቱ አማካይ የልጆች ቁጥር አካፍሉ። ያንን በአዲሶቹ ልጆች አባዙ። ከዚያ ከሥሩ ሁለተኛ መስመር ጨምሩና የምግቡን ዋጋ በሩብ አሳድጋችሁ እንደገና አስሉ። የሁለተኛው መስመር ገንዘብ ለሁለት ዓመት በጽሑፍ ቃል ካልተገባላችሁ አልጋ ቀንሱ። የቃል ተስፋ በጀት ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚሳሳቱት ደመወዝ ላይ ነው። «ለ10 ልጅ አንድ አሳዳጊ» ሲባል አንድ ሰው መቅጠር የሚመስላቸው አሉ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት አንድ ሰው በሳምንት የሚሠራው መደበኛ ሰዓት ከ48 አይበልጥም። 168 ለ48 ሲካፈል 3.5 ነው። አንድ ቦታ ቀንና ሌሊት እንዲሸፈን ሦስት ሰው ተኩል ትቀጥራላችሁ፤ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲታከልበት አራት።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ (1113/2011) የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የአሳዳጊና የመምህር ደመወዝ ለዓላማው የሚወጣ ስለሆነ ከጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ጋር በአንድ መደብ አትጻፉት። ሒሳብ ሹሙ ይህን በዓመቱ መጨረሻ ላስተካክል ካለ አይሆንም፤ ከመጀመሪያው ቫውቸር ጀምሮ መለየት አለበት።

3. ፈቃዱን በቅደም ተከተሉ ያዙ

ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። በሐረሪ ክልል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን ጉዳያችሁ ከክልሉ ጋር ነው፤ ሁለቱም ቦታ የምትሠሩ ወደ ፌዴራሉ ትመለሳላችሁ። ማስፋፊያው በፕሮጀክት ሰነድ ተጽፎ ከትምህርት ቢሮና ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ጋር ስምምነት ይደረግበት።

ተጨማሪ መሬት ካስፈለጋችሁ የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጁ (721/2004) በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚካሄዱ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ጥያቄያችሁ ላይ ምደባ የሚለውን ቃል በግልጽ ጻፉ፤ አለዚያ ፋይሉ ከጨረታ ጠያቂዎች ጋር ተደባልቆ ይተኛል።

ለሕንፃው መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ ይወሰዳል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ (624/2001) የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃን በምድብ «ሐ» ስላስቀመጠ «ትንሽ ምድር ቤት ናት» የሚለው ክርክር አያዋጣም፤ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ንድፉ ሁሉ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተፈርሞ መቅረብ አለበት። አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድም ግዴታ ነው። ከደረጃው ጎን የሚሠራው መወጣጫ በአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ያህል እንደሚረዝም አስቡና ቦታ ተዉለት። በኋላ የሚጨመር መወጣጫ ጋሪ ገፍቶ የማይወጣ ዳገት ሆኖ ይቀራል።

4. ቦታውን በክረምት ዓይን እዩት

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያ ጎርፍ ለእኛ የሚነግረን ነገር አለ፦ ድሬዳዋ ላይ ጠብ ሳይል ውሃው ከላይ ከደጋው ይመጣል። አሁን ደረቅ አሸዋ የሆነ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መውረጃ ሁሉ መንገዱ ነው።

- በግቢው ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎችን «ውሃው እስከ የት ደርሶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሳዩአችሁን ግድግዳ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉ።
- የወለሉ ከፍታ ከዚያ ምልክት በላይ ይሁን። ምልክቱ ከወገብ በላይ ከሆነ መኝታ ቤት እዚያ አትሥሩ፤ መጋዘንም አይሆንም፣ እህል ይበላሻል። የኳስ ሜዳ አድርጉት።
- ሕንፃውን ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርጉት፤ መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሁኑ። የጧትና የማታ ፀሐይ የሚያገኘው ጠባቡን ጎን ብቻ ይሆናል። በምዕራቡ በኩል ኒም ትከሉ፤ ለከተማው ሙቀት የለመደ ዛፍ ነው።
- ካስማና ሲባጎ አውጥታችሁ፣ በኖራ አሥምራችሁ፣ የሕንፃውን ልክ መሬት ላይ እዩት። ልጆቹንም አስገቧቸው። ልብስ የሚሰጣበትን ቦታ ሕንፃው እንደበላው የነገረችን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት።

5. ከውሃና ከመጸዳጃ ጀምሩ

የግንባታው ተራ ይህ ነው፦ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ወጥ ቤት፣ መኝታ በመጨረሻ። ለጋሽ ፎቶ የሚነሣው መኝታ ቤቱ ፊት ስለሆነ ተራው ይገለበጣል። እኛም በመጀመሪያው ማስፋፊያ ገልብጠነው ነበር። በሰኔ ወር ሃያ አራት አዲስ አልጋ ገባ፤ የውሃ መስመሩ ግን የድሮው ነው። ውሃ የሚመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለነበር ትልልቆቹ ሴት ልጆች እየተነሡ ቢጫውን ጀሪካን ሲሞሉ ያድሩ ጀመር። እኔ የሰማሁት የሒሳብ መምህሯ «እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ የሚተኙት ምን ነክቷቸው ነው?» ስትለኝ ነው።

*የውሃ ስሌት።* የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ለተመላላሽ ተማሪና ለሠራተኛ በቀን 5 ሊትር፣ ለአዳሪ 20 ሊትር ነው። በድሬዳዋ ሙቀት፣ ልብስ አጠባውና በውሃ የሚሠራው መጸዳጃ ሲታከል፣ ለአዳሪ 40 እይዛለሁ። 90 አዳሪ በ40፣ 3,600 ሊትር፤ 360 ተመላላሽ በ5፣ 1,800፤ 30 ሠራተኛ 150። በቀን 5,550 ሊትር። ለሦስት ቀን መጠባበቂያ 16,650፤ ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሞላ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ 10 ቶን ይመዝናል። ጣሪያ ላይ አይወጣም። በመሐንዲስ የተሠራ የአርማታ መቀመጫ ላይ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ላይ በፓምፕ የሚሞላ ትንሽ ታንከር ይኑር።

የድሬዳዋ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣና ካልሲየም የሚበዛበት ነው። ጀበናችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ቧንቧ ውስጥም ይጋገራል። ስለዚህ ዋናው መስመር ሰፋ ይበል፤ መዝጊያዎቹ ግድግዳ ውስጥ ሳይቀበሩ በእጅ የሚደረስባቸው፣ ተፈትተው የሚጸዱ ይሁኑ።

የታንከሩ ክዳንም የጤና ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማችንን የመቱት በቤት ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ላይ በሚራባ ትንኝ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝም እንደዚሁ ታንከርና በርሜል ይወዳል፤ በ2014 ዓ.ም. በበጋ በድሬዳዋ ለተነሣው ወባ ምክንያት ሆኗል። የታንከሩ ክዳን ይገጠም፤ የትርፍ ውሃ መውጫው አፍ በወንፊት ሽቦ ይታሰር፤ በርሜልና ባልዲ በየሳምንቱ ተደፍቶ ይታሽ። በየሳምንቱ የተባለው ከእንቁላል ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማጽዳት ትንኙን አርብቶ እንደመልቀቅ ነው።

*መጸዳጃ።* በዚያው በዓለም ጤና ድርጅት ልክ ለ25 ሴት ልጆች አንድ፣ ለ50 ወንዶች አንድና የሽንት መሽኛ ነው። ከተመላላሾቹ ግማሹ ሴቶች ቢሆኑ 180 ለ25፣ ስምንት ክፍል፤ ለወንዶቹ አራትና መሽኛ። ለአዳሪዎች ግን በዚህ ልክ አትሥሩ። ሁሉም ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚነሡ ለ10 ልጅ አንድ አድርጉ። ለሴቶቹ ቢያንስ አንዱ ክፍል ሰፋ ብሎ፣ ውስጡ ቧንቧ፣ መስቀያና ክዳን ያለው የቆሻሻ ባልዲ ይኑረው፤ ይህ በሌለበት ትምህርት ቤት በወር አበባቸው ጊዜ የሚቀሩ ሴት ልጆች አሉ። ጉድጓዱ ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

አንድ ከሌላ ከተማ የመጣ ንድፍ የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ መቀመጫው ወደ ቂብላ፣ ሙስሊሞች ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ወደ መካ አቅጣጫ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አያዞርም። ከድሬዳዋ መካ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ናት፤ ስለዚህ መቀመጫው ምሥራቅና ምዕራብ ይይ። እኛ ስድስቱን ካስቀመጥን በኋላ ነው የጥበቃ ሠራተኛችን ቆም ብሎ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «እዚህ ልጆቹ አይገቡም» ያለን። ሲሚንቶው ደርቆ ነበር። ስድስቱንም በመዶሻ ፈነቀልናቸው።

6. መኝታ ቤቱን በካርቶን ለኩ

በአልጋ ልክ የቆረጣችሁትን ካርቶን ወለሉ ላይ ዘርጉና በመሐሉ ሂዱ። ሁለት ልጆች ሳይነካኩ የማይተላለፉ ከሆነ አልጋው በዝቷል። ለአደጋ ጊዜ መጠለያ እንኳን ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ ልክ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ነው፤ ለቤት ደግሞ ከዚያ መብለጥ አለበት። ስምንት ልጅ በ32 ካሬ ሜትር ክፍል ጥሩ ነው። ሠላሳ አልጋ የተደረደረበት አዳራሽ ርካሽ ቢሆንም አንዱ ያሳለው ሁሉንም ይይዛል፤ የሚያለቅሰውንም ልጅ አሳዳጊዋ አትሰማውም።

- ጣሪያው ከፍ ይበል፤ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ፣ በመሐሉ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። ያለ ኮርኒስ የተሠራ ክፍል ማታም ይጋገራል።
- ተደራራቢ አልጋ ካለ የጣሪያ ቬንቲሌተር አይገጠም። ላይኛው አልጋ ላይ የቆመ ልጅ እጁን ያነሣል። የግድግዳ ቬንቲሌተር ተጠቀሙ።
- ለየአልጋው የአጎበር ቀለበት ገና ኮርኒሱ ሲመታ ይግባ።
- የአሳዳጊዋ ክፍል በር ከልጆቹ መተላለፊያ ጋር ይያያዝ፤ መጸዳጃው ደግሞ በጨለማ ግቢ ሳያቋርጡ የሚደረስ ይሁን። ልጅ የሚማከርበትም ክፍል በሩ ላይ መስታወት ይኑረው።

ማስጠንቀቂያ፦ መስኮት ላይ ተበይዶ የሚቀር ብረት አታስገቡ። ሌባ ይከላከላል፤ እሳት ቢነሣ ግን ልጆቹን ውስጥ ይዞ ይቀራል። በየክፍሉ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚለቀቅ ይሁን። በሩም ወደ ውጭ ይከፈት።

7. የመማሪያ ክፍሉን በቋንቋ ቁጠሩ

180 አዲስ ተማሪ ለ50 ሲካፈል 3.6፤ አራት ክፍል ይበቃል ብላችሁ ትጀምራላችሁ። አይበቃም። ድሬዳዋ ውስጥ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይማራሉ፤ የሦስተኛ ክፍል የሶማልኛ ተማሪዎች 14 ቢሆኑም ክፍልና መምህር ይፈልጋሉ። ስለዚህ የተመዘገቡትን በክፍል ደረጃና በቋንቋ ሰንጠረዥ ላይ አስፍሩ፤ የሞላው ሣጥን ቁጥር የክፍሉ ቁጥር ነው። ሦስቱንም ቋንቋ መያዝ ካቃታችሁ በአንዱ ወይም በሁለቱ ጀምሩ፤ ለቀሩት ልጆች በአቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት ወንበር አፈላልጉ። ስድስተኛን ጨርሶ ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ መውጣት ከፈለጋችሁ ለቤተ ሙከራና ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ቦታ ከወዲሁ በንድፉ ላይ ይታይ።

8. ወጥ ቤቱ

ለ90 አዳሪና ከሠራተኞቹ እዚያው ለሚበሉ 20 ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ እንጀራ ቢቀርብ 220 እንጀራ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅበት በሰዓት 20 ይጋግራል፤ ብቻውን 11 ሰዓት ይፈልጋል። ሦስት ምጣድ በአራት ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚስብ ሦስቱ በአንድ ላይ ከ10 ኪሎ ዋት በላይ ናቸው። የነባሩ ቤት ገመድ ይቀልጣል፤ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ ጥያቄውን ግንባታው ሳይጀመር አስገቡ።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል፤ የሥጋው ነገር ግን ይለያያል። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሁለት መደርደሪያ ይኑር፤ እጀታቸውም በተለያየ ቀለም ይቀባ። በዚህ ቀለም ስንት ጠብ እንደሚቀር ወጥ ቤት የሠራ ያውቃል። ለረመዳን የማፍጠሪያና የስሑር፣ ለዐቢይ ጾምም የጾም ምግብ ሰዓት በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

እህሉ ከመሬት በፓሌት ይነሣ፣ ከግድግዳም ይራቅ።

9. ግንባታው ሲጀመር

*ውሉ።* ቅድሚያ ክፍያ ያለ ባንክ ዋስትና አትስጡ። ክፍያ በተለካ ሥራ ብቻ ይፈጸም፤ በውሉ ከእያንዳንዱ ክፍያ 5 በመቶ ለአንድ ዓመት ይያዝ። አንድ ዓመት የሆነው ጣሪያው ማፍሰሱ የሚታወቀው አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ስለሆነ ነው። ለዋጋ ንረትና ላልታሰበ ሥራ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ለውጥ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ «ቅድም ተነጋግረን የለ?» የሚለው ንግግር ብዙ ብር በልቷል።

*አሸዋው።* ከመውረጃ የሚመጣ አሸዋ ደለል ይበዛበታል፤ ደለሉ ሲሚንቶውና ጠጠሩ እንዳይያያዙ ያደርጋል። በማሰሮው ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አድርጉ፤ ውሃ ሙሉበት፤ ቆንጥር ጨው ጣሉበት፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ደኅና አድርጋችሁ ናጡት፤ ጠረጴዛ ላይ አሳድሩት። ጧት ላይ ከአሸዋው በላይ የተኛውን ጭቃማ ንጣፍ በማስመሪያ ለኩ። ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጭነቱን መልሱ ወይም አሳጥቡ። በእያንዳንዱ የጭነት መኪና ላይ ድገሙት፤ የመጀመሪያው ጭነት ሁሌም ንጹሕ ነው።

*አርማታው።* ሙሌት ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት ይለቅ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ውሃውን ይመጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሠራተኛውም ልብ ጫቱ ጋ ነው። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ይጠጣ። ኮለኑን (የአርማታ ምሰሶውን) በጆንያ ጠቅልላችሁ ጆንያው እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ አድርጉ። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ እያገኘ እንጂ እየደረቀ አይደለም። እሑድ የሚያጠጣው ሰው ስም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ አርማታ የሚሰነጠቀው እሑድ ነው።

*ልጆቹ።* የግንባታ ቦታው በሁለት ሜትር ቆርቆሮ ይታጠር፤ ሠራተኞቹ በሌላ በር ይግቡ፤ የልጆቹን መጸዳጃ አይጠቀሙ። ጉድጓድ ሌሊት ተከድኖ ይደር። ቅዳሜ «ትንሽ ያግዙ» ተብሎ ልጆች ብሎኬት አይሸከሙ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛም፣ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከሚፈጸም የአካል ቅጣትም ይጠብቃል። ለግንበኞቹም ይህ በውሉ ውስጥ ይጻፍላቸው፤ ልጅን በኩርኩም ማባረር ልማድ የሆነባቸው አሉ።

10. መጀመሪያ አዋቂዎቹ ይደሩበት

ቤቱ አልቆ ቀለሙ ሲደርቅ ልጆች አይግቡ። አሳዳጊዎቹና ኃላፊው ሦስት ሌሊት ይተኙበት፤ ደብተር ይዘው። እኛ በሁለተኛው ማስፋፊያ በሦስቱ ሌሊት የጻፍነው ይህን ነበር፦ የአጥሩ መብራት በቀጥታ ሦስተኛው አልጋ ላይ ያርፋል፤ የመጸዳጃው በር ሲከፈት ይጮኻል፤ ከመኝታ ክፍሉ ማብሪያውን ለማግኘት ትንሽ ልጅ ወንበር ያስፈልጋታል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ክፍሉ ከውጭው ይልቅ ይሞቃል። አራቱም በአንድ ሳምንት ተስተካከሉ።

ከዚያ በየሳምንቱ ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ አስገቡ፤ 30 በአንድ ቀን አታስገቡ። ከነባሮቹ ሁለት ልጆች በየአዲሱ ክፍል ይመደቡ፤ ሳሙናው የት እንደሆነና ማታ ማንን እንደሚጠሩ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። በመጀመሪያው ሌሊት የእሳት ልምምድ አድርጉ፦ መብራቱን አጥፉ፣ ደውሉ፣ ቁጠሩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

- የምረቃውን ቀን ከውሃው መስመር በፊት መቁረጥ። ቀኑ ሲደርስ ቧንቧው ለጌጥ ይገጠማል።
- ለቀለም፣ ለፍራሽና ለአንሶላ ገንዘብ አለመያዝ። ልጆቹ በድሮው ፍራሽ ወደ አዲሱ ቤት ይገባሉ፤ ትኋኑም አብሮ።
- የልጆችን ፊት በፎቶ ለለጋሽ መላክና ታሪካቸውን ከስማቸው ጋር መጻፍ። ልጁ ነገ በዚያው ከተማ ሥራ ይፈልጋል፣ ትዳር ይይዛል። ሕንፃውን ፎቶ አንሡ፤ ልጆቹን ከጀርባቸው።
- አዲስ ተመላላሽ ተማሪዎችንና አዳሪዎችን በልብስ መለየት። አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ይልበሱ።
- የመኝታ ቤቱን ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ መተው። ያ ሰው ሌሊት መጋላ ሰፈር ሄዶ ይሆናል። ሁለተኛው ቁልፍ ከአሳዳጊዋ ክፍል በር ውስጥ፣ በትልቅ ሰው ትከሻ ከፍታ፣ በቀይ ክር ታስሮ ይሰቀል፤ የሌሊት ተረኛዋም ሥራ ስትረከብ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ይሁን።